አባባ፣ ምርቃቱን ለሌላ ሰው አይስጡ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን አሳጥረዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። እማማ እሑድ ዕለት በስልክ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። በእህቴ ሠርግ ላይ «እኔ አልመርቅም፣ አጎቷ ይመርቃት» አሉ የተባለው እውነት ነው?

ማሙሽ፣ ይህን ለአባባ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ አንብብላቸው። አንድም ቃል እንዳትዘል።

አራት ወር ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቻችሁ አይደለም። እንዳዘኑብኝ ሰምቻለሁ፣ እውነትዎን ነው። ግን በደወልሁ ቁጥር «መቼ ትመጫለሽ?» ትሉኛላችሁ፣ እኔም መልስ የለኝም። ሥራዬ ደህና ነው፣ ቤቴም ይሞቃል። አንዳንድ ቀን ብቻ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ይናፍቀኛል። የእኛ ብርድ የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል፣ የዚህኛው ምንም አይሸትም።

ለዓይንዎ ቀዶ ጥገና ብዬ የላክሁት ገንዘብ መድረሱን እማማ ነገረችኝ። ሐኪሙ ግን «የዓይን ሞራ አይደለም፣ የሬቲናው መሃል ነው በዕድሜ የደከመው፣ በቀዶ ጥገና አይመለስም» ማለቱን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ገንዘቡን ለድንኳን እንዳታውሉት፤ ለክትትሉ ይሁን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀጥ ያለው የበር መቃን ድንገት ተጣምሞ ከታየዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ያ ዓይነቱ በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ይታከማል። ገንዘቡ የትኬት ማጠራቀሚያዬ ነበር፣ ስለዚህ ለሠርጉ መምጣት አልችልም። ማሙሽ፣ ይህችን አንዲት መስመር ብቻ ዝለላት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ መሆኑን ያውቃሉ። እዚያ የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት አሉ፣ ቲያትር ነፍሳቸው ነው። ሻይ ሳጠጣቸው ዘወትር የሚያወሩኝ ጁዲ ዴንች ስለምትባል ተዋናይት ነው። የእርስዎን ሕመም የነገርኋቸው ዕለት እጄን ያዝ አድርገው «የእርሷም ሕመም እኮ ይኸው ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የዚህችን ሴት ታሪክ ስከታተል ከረምሁ።

የተወለደችው በ1934 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎት)፣ በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክ ከተማ። አባቷ የከተማውን ተዋንያን የሚያክሙ ሐኪም ነበሩ። መጀመሪያ የተመኘችው የመድረክ ንድፍ መሥራት ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ ትወና ሲማር አይታ ተከተለችው። በ1957 ለንደን ውስጥ በኦልድ ቪክ ቲያትር ቤት ኦፌልያን ሆና ተጫወተች። ተውኔቱ እርስዎ ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም በቃልዎ የሚሉልን ሐምሌት ነው። በ1960 ደግሞ እዚያው መድረክ ላይ ጁልዬትን ሆነች። አሮጊቷ ያኔ ወጣት ነበሩና ከላይ፣ ከርካሹ ወንበር ላይ ሆነው አይተዋታል።

ጁልዬት ሞግዚቷን «አባቴና እናቴ የት አሉ?» ብላ የምትጠይቅበት ቦታ አለ። አንድ ምሽት የተዋናይቷ አባት ከተመልካቹ መካከል ተቀምጠው ኖሮ «እዚህ ነን ልጄ» ብለው፣ የተቀመጡበትን ረድፍ እንኳ ጠቅሰው መለሱላት። ይህን ራሷ ደጋግማ አውርታዋለች። ስሰማው መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ አለቀስሁ።

ወጣት ሳለች ለፊልም ስትፈተን ፊትሽ አይሆንም ብለው መልሰዋት ነበር። እርሷ መድረኩን አልለቀቀችም፤ በ1976 ሌዲ ማክቤዝን፣ በ1987 ደግሞ በ52 ዓመቷ ክሊዎፓትራን ሆና ተጫወተች። በጄምስ ቦንድ ፊልም አለቃው ሆና ዓለም ሲያውቃት 60 ዓመቷ ነበር። በ1997 ንግሥት ቪክቶሪያን ሆነች፤ እርስዎ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ሲያስተምሩን ስሟን የምናነሣት፣ ከመቅደላ ተወስዶ በዊንዘር የተቀበረውን ልጅ የምታውቀው ንግሥት ማለት ነው። ያንን ፊልም ያየሁት የእርስዎ የታሪክ ክፍለ ጊዜ እየታወሰኝ ነው። በ1999 ኦስካር የተሸለመችው ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ብቻ በታየችበት ፊልም ነው።

ዓይኗ መድከሙን በ2012 ለሕዝብ ተናገረች። እናቷም ይኸው ሕመም ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ሌላ ሰው ያነብላታል፣ እርሷ በጆሮዋ ሰምታ በቃሏ ታጠናለች። እንዲያ ሆና በ2015 እንደገና ለንደን መድረክ ላይ ወጣች፣ በማግስቱ ዓመትም ኦሊቪዬ የሚባለውን የእንግሊዝ የቲያትር ሽልማት ለስምንተኛ ጊዜ ወሰደች። በ2022፣ በ87 ዓመቷ፣ ለኦስካር ታጨች። አልደብቅዎትም፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ይበልጥ ደክሞ ፊልም መሥራት እንደከበዳት ራሷ ተናግራለች። የሼክስፒርን ግጥም ግን ሰው ፊት ቆማ በቃሏ ትላለች። እኔ በቴሌቪዥን አይቻታለሁ፣ አዳራሹ እስትንፋሱን ይዞ ነበር የሚያዳምጣት።

አባባ፣ እርስዎ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃልዎ ይደግሙ የለ? ምርቃት መቼ ከወረቀት ተነብቦ ያውቃል? «የእንግዳውን ፊት ሳልለይ እንዴት እቆማለሁ» ማለትዎን እማማ ነግራኛለች። የሰው መልክ ከመሃሉ ሲጠፋብዎ ምን እንደሚሰማዎት አላውቅም፣ አውቃለሁ ብዬም አልዋሽዎትም። ማሙሽ ግን በቀኝዎ ይቆማል፣ የሚቀርበው እንግዳ ማን እንደሆነ በጆሮዎ ይነግርዎታል። የሚታዘብ ካለ ይታዘብ።

እኔ የሄድሁ ለት በር ላይ እጅዎን ራሴ ላይ ጭነው የመረቁኝን አልረሳሁም። ሕዝብ በሞላው ባቡር ውስጥ፣ በባዶው ክፍሌ ውስጥ፣ ቃል በቃል እለዋለሁ። ለእኔ የሰጡትን ለእህቴ እንዴት ይነፍጓታል? ከልጅነቷ ጀምሮ ሙሽራ ሙሽራ ስንጫወት ነጠላ ተከናንባ፣ ተንበርክካ «አሜን» የምትል እርሷ፣ የእርስዎን ድምፅ እያስመሰልሁ የምመርቃት እኔ ነበርሁ። ባሏ የሚሆነውን ልጅ በፎቶግራፍ አይቼዋለሁ፣ ዓይኑ ጨዋ ነው። ሽማግሌ ልኮ ሲጠይቃችሁ እንኳ ቤት አለመኖሬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጥር ሲመጣ፣ በሠርጉ ዕለት ፈቃድ ባላገኝም ከሥራ ወጣ ብዬ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። ማሙሽ ስልኩን ከአፍዎ ጠጋ ያድርገው። ሙሽሪትን ሲመርቁ የእኔንም ስም ይጥሩት። «እዚህ ነኝ አባባ» ብዬ እመልስልዎታለሁ።

እማማን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

ልጅዎ፣ ከለንደን