አባባ፣ እስከ ረመዳን ድረስ ብቻ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ሐርቡ።

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ትንሽ ተሻለዎት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ልጆቹ አያታቸውን እየጠየቁ አስቸግረውኛል።

ባለፈው ስንደዋወል ደሴ እኛ ዘንድ ይምጡ ብልዎት «ቤቴን ዘግቼ የትም አልሄድም» አሉኝ። እምቢታዎ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ1977 ታላቅ ወንድምዎ ከነቤተሰባቸው ወደ ወለጋ የሄዱበት የሰፈራ ታሪክ በቤታችን ሲወራ ነው ያደግሁት። በዚያ ዘመን ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቀየው ተነሥቶ ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ተወሰደ፤ ትልቁ ድርሻም የወሎ ሰው ነበር። አገሩን ሳያይ፣ ወባውን ሳያውቅ፣ የነበረውን ጥሎ። «ሄጄ ልየውና ካልሆነልኝ ልመለስ» የሚባልበት ጉዞ አልነበረም። ያንን ያየ ሰው «ይነሡና ይምጡ» ሲባል ቢሸሽ አይፈረድበትም።

እኔ ዛሬ የምለምንዎት ግን ሌላ ነው። ይሞክሩት። ከጥር መግቢያ እስከ ረመዳን ድረስ ብቻ እኛ ዘንድ ይቀመጡ፤ ጾሙን ቤትዎ ገብተው ይይዛሉ።

ሙከራን ያየሁት ከእርስዎ ነው። የግብርና ባለሙያው ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ያመጣ ጊዜ ከጎረቤት ከፊሉ ዘሩን አልነካም አለ፤ ከፊሉ ማሳውን በሙሉ ዘራበት። እርስዎ ከእርከኑ ሥር ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ ብቻ ዘሩ። እንደተባለው ቀድሞ ደረሰ። የሌላው ማሽላ ገና ሳይደርስ እሱ ብቻ በመድረሱ ደግሞ የአገሩ ወፍ ሁሉ ሰፈረበት፤ እኛ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ስናባርር ዋልን። አገዳውም አጭር ስለሆነ ለከብቶቹ መኖ አልበቃም። ይህን ሁሉ በዚያች ቁራጭ አወቁ፤ የዓመቱ እህላችን ግን ከሌላው ማሳ ገባ። በሚያዝያ የዘሩት ማሽላ በልጉ ሲከዳው መሬቱን ገልብጠው በሐምሌ ጤፍ ሲዘሩ፣ የጤፉ ጊዜ ካለፈም በእርጥበቱ ሽንብራ ሲሞክሩ አይቻለሁ። ዝናቡን ማንም አያውቀውም፤ እርስዎ ግን ሳያውቁትም ያርሱ ነበር።

እኔም የምሠራበት ፋብሪካ በተዘጋ ጊዜ የያዝኩት ይህንኑ ነው። ዘመድ ሁሉ «ያጠራቀምሽውን አውጪና ሱቅ ክፈቺ» አለኝ። የስፌት መኪና እንኳ አልገዛሁም፤ ተከራይቼ የተማሪ ደንብ ልብስ መስፋት ጀመርኩ። መስፋቱን እችለዋለሁ። የማላውቀው ገንዘቡ መቼ እጄ እንደሚገባ ነበር። ልብሱ በመስከረም ይወሰዳል፤ ክፍያው እስከ ኅዳር ይጓተታል። ጨርቁን በብድር አላመጣሁምና መጓተቱ አላስጨነቀኝም። ዛሬ ቀብድ ሳልቀበል መቀስ አላነሣም፤ መኪናውንም የገዛሁት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ስለ ቤትዎ እንዳያስቡ። በጥር እህሉ ከአውድማ ገብቷል፤ የሚታረስ የለም። ላሟን ወንድሜ ይጠብቃታል፣ አትሸጥም። የይዞታ ደብተርዎ ከሣጥንዎ አይወጣም፤ የሚፈረም አንድም ወረቀት የለም። የቤቱ ቁልፍ በኪስዎ ይሁን። የቅሬዎን፣ የዕድርዎን መዋጮ እኔ በየወሩ እልካለሁ፤ ከቅሬዎ ስምዎ እንዲጠፋ አልፈልግም። ከሁሉ ይልቅ የሚከብድዎት እሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰው የሚቀበረው ከወገኑ ጋር ነው ሲሉ ሰምቻለሁና።

ጥርን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ለቆላ ሰው የጥር ሌሊቷ ያንቀጠቅጣል። በሞቃቱ ወር መጥተው «ደሴ ተስማማችኝ» ቢሉኝ ምንም አላወቅንም ማለት ነው። በጥር ከቻሏት ግን ሌላው ወር አይከብድም። ዳገቱንም ጉልበትዎ ይየው። ለጁምዓ ሸዋ በር መስጊድ በባጃጅ አደርስዎታለሁ፤ ከሶላት በኋላ አብሮዎት ቁጭ ብሎ የሚጫወት ሰው ማግኘት አለማግኘትዎን ግን እኔ ልወስንልዎት አልችልም። እንቅልፍዎን፣ የምግብ ፍላጎትዎን፣ ቀኑ የሚረዝምብዎትን ሰዓት ያስተውሉልኝ። ልጄ ትከፋለች ብለው እንዳይደብቁኝ አደራ። በሁለተኛው ሳምንት «በቃኝ» ቢሉ ጠዋት ተሳፍረው ለዙሁር ቤትዎ ይደርሳሉ፤ ማንም «ለምን?» አይልዎትም።

ካልሆነልዎት ደግሞ እኔ እሞክራለሁ። የደንብ ልብሱ ሥራ የሚበዛው በክረምት ነው፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ትእዛዙን ከዚህ ተቀብዬ፣ በእግር የሚረገጠውን መኪና ጭኜ፣ ከልጆቹ ጋር ሐርቡ መጥቼ ልስፋ። ሙቀቱን ልጆቹ ይችሉት እንደሆነ፣ ደንበኞቼም ይጠብቁኝ እንደሆነ ያኔ እናያለን።

ወንድሜ በሚቀጥለው ሳምንት ኮምቦልቻ ለዕቃ ይመጣል። መልስዎን በእሱ ይላኩልኝ። እሺ ካሉኝ ወፍራሙን ጋቢ እንዳይረሱ፤ የጉልበት ሐኪሙንም ከአሁኑ ቀጠሮ አስይዛለሁ።

በዱዓዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ