ተጫዋቾችሽ አስማታዊ ዕቃ እንሥራ ሲሉሽ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ስለ አስማታዊ ዕቃ አሠራር በስልክ የጠየቅሽኝ ነገር በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። አሁን በምናብ በሚጫወቱት በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ ዳንጀን ማስተሯ፣ ታሪኩን የምትመሪው ዳኛ ማለት ነው፣ አንቺ ነሽ። ተጫዋቾችሽ ሰይፉንም ቀለበቱንም ራሳችን እንሥራ ይሉሻል፤ የመጽሐፉ ደንብ ደግሞ አልጣመሽም። እንግዲያው የራስሽን የቤት ደንብ አውጪ። አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፦ የዕቃው ዋጋ ወርቅ ብቻ አይሁን።

ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሦስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ፣ ሠሪው የገበያውን ዋጋ ግማሽ በወርቅ ይከፍል ነበር። በዚያ ላይ የዋጋው አንድ ሃያ አምስተኛ፣ ሌቨሉን ከሚያሳድግለት የልምድ ነጥብ ይቀነስበታል። ከገበያው ዋጋ ለየ1,000 ወርቁ አንድ ቀን ይሠራል። ሠሪው ከራሱ ላይ ቆርሶ መስጠቱን እወደዋለሁ። ግን ሰይፉን ይዞ የሚሄደው ተዋጊው፣ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ የሚቀረው ዕቃውን የሠራው ጠንቋይ፣ ዊዛርዱ ሆነ። ይህ ፍርደ ገምድል ነው። ወርቅ የሞላው ቡድን ደግሞ ጀብዱውን ትቶ ሒሳብ ሲያሰላ ያመሻል።

በ2014 አምስተኛው እትም ወደ ሌላ ጫፍ ሄደ። አንድ ሰው በቀን ይሠራ የነበረው የ25 ወርቅ ያህል ሥራ ብቻ ነው። ሌጀንደሪ የሚባለው፣ እጅግ ብርቅ የሆነው ዕቃ 500,000 ወርቅ ነበር። አካፍዪው፤ 20,000 ቀን ይመጣል። ወደ 55 ዓመት ማለት ነው! ዘመናትን የሚኖረው ኤልፍ ካልሆነ በቀር ማን ዕድሜ ይበቃዋል? አትሥሩ ከማለት አይለይም።

በ2017 የወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ነገሩን አቃናው። ሬር፣ ብርቅ የሚባለውን ዕቃ በ10 የሥራ ሳምንትና በ2,000 ወርቅ አደረገው። እኔን የማረከኝ ግን ሌላው ነው። ለዕቃው የሚሆን ልዩ ነገር ፈልጋችሁ አምጡ፣ እሱንም የሚጠብቅ ወይም የያዘ ፍጡር አለ ይላል። ያንቺ ደንብ እዚህ ላይ ይቁም።

ተዋጊሽ የሚነድ ሰይፍ አማረው እንበል። ስንት ወርቅ አለህ አትበዪው። ምን የሚያስፈልግ ይመስልሃል ብለሽ ጠይቂው። የእሳት ፍጡር ልብ ሊል ይችላል፣ ከእሳተ ገሞራ አፍ የወጣ ድንጋይም ሊል ይችላል። ያለውን ተቀበዪና ካርታሽ ላይ አስቀምጪው። ሌላ ነገር ይዞ ከመጣ ደግሞ ሰይፉም ሌላ ይሁን። ትሮል የሚባለው ጭራቅ ደም ቁስል ይጠግናልና ሰይፉ ያዡን ትንሽ በትንሽ ቢፈውስ ያምርበታል። እንዲህ ሲሆን ዕቃው ታሪክ ይኖረዋል፤ ተጫዋቹም ከየት እንዳመጣው አይረሳውም።

ሥራው የዊዛርዱ ብቻ እንዳይሆን አደራ። አንዱ ሲሠራ አራቱ ስልካቸውን የሚነካኩበት ምሽት ያሳዝነኛል። አንዷ የአሠራሩን ጽሑፍ ታፈላልግ፣ አንዱ ብረቱን ይቀጥቅጥ፣ አንዱ ከነጋዴው ጋር ይከራከር። ሁሉም አንዳንድ ዳይስ ይጣሉ። ዳይሱ ቢከፋ ግን ዕቃው አይበላሽ። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ተምሮ፣ ደክሞት ነው ጠረጴዛሽ ላይ የሚቀመጠው። የለፋበትን በአንድ ውርወራ አትንጠቂው። ይልቅ ዕቃው አመል ያውጣ፤ ሰይፉ ይነድዳል፣ ያዡ እውነት ካልተናገረ ግን እሳቱ አይጠፋም። ከእንዲህ ያለው አመል ብዙ ጨዋታ ይወጣል።

አንጥረኛም ስታስገቢ ስምና ፍላጎት ስጪው። እኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ቡዳ ነው እየተባለ ስንት ዘመን ተገፍቷል። ማረሻውን ከእሱ ገዝቶ፣ እሱን ግን ከማዕድ የሚያርቅ ብዙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በአንቺ ዓለም ውስጥ ሠሪው የተከበረ ይሁን። ወይም ከተገፋ፣ ተጫዋቾችሽ ግፉን ይዩትና ምን እንደሚያደርጉ ይወስኑ።

ከመጽሐፉ እንዳትነኪው የምለምንሽ አንድ ደንብ አለ። አንዳንድ ዕቃ ኃይሉን የሚሰጠው ከያዡ ጋር ሲተሳሰር ነው፤ ይህ አቱንመንት ይባላል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ከሚሆኑ እንዲህ ካሉ ዕቃዎች ጋር መተሳሰር አይችልም። ዕቃ መሥራት ከተፈቀደ በኋላ ጨዋታሽን ከመበላሸት የሚያድነው እሱ ነው። ያዡን በአየር የሚያበር ዕቃም ገና በዝቅተኛ ሌቨል አትፍቀጂ፤ ገደሉና ግንቡ ሁሉ ዋጋ ያጣብሻል።

ለፈውስ መድኃኒቱ አትጨነቂ። በዕፅዋት መቀመሚያ ኪት፣ 25 ወርቅና አንድ ቀን ይበቃዋል። ለእሱ ብለሽ ድራጎን አታሳድጃቸው።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፊውና ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አንብቢላቸው። የሚከፋው ካለ ያኔውኑ ይናገር። ውጊያ መሃል ላይ ግን ማንም ቢለምንሽ ደንብ አትቀይሪ፤ ቀጣዩ ጨዋታ ሳይጀመር ተነጋገሩበት። ገጹን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ በተለይ ስለ አመሎቹ የጻፍሽውን ማየት እፈልጋለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ