ልጄ፣ ያቺን ሮዝ ክኒን ተዋት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያጻፈኝ በስልክ «አለርጂው ሲነሳብኝ ማታ ሁለት ሮዝ ክኒን ውጬ እተኛለሁ፣ ጠዋት ምንም አልልም» ያልከው ነው። ክኒኗ ቤናድሪል ናት፤ ውስጧ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን ይባላል። መኪና አትንዳ ልልህ አልችልም፣ እንጀራህ ነው። እሷን ግን ተዋት።

የአበባ ብናኝ አፍንጫህ ሲገባ ሰውነትህ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ማስነጠሱ፣ ማሳከኩ፣ እንባው ሁሉ ከእሱ ይመጣል። አንጎልም ነቅቶ ለመቆየት ያንኑ ሂስታሚን ይፈልገዋል። ዳይፈንሃይድራሚን አንጎል ድረስ ስለሚዘልቅ አፍንጫህን ሲያደርቅልህ ንቃትህንም አብሮ ይወስደዋል። ማታ የዋጥከው ሲነጋ ተጠርጎ አይወጣም፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው ዳለስ ኤርፖርት መንገድ ስትጀምር ገና ደምህ ውስጥ አለ።

«እንቅልፍ አይሰማኝም» ትለኛለህ። ክፋቱም ይኸው ነው። በአውሮፓውያን 2000 የታተመ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 40 ሰዎችን መንዳት በሚያስመስል ማሽን ላይ ፈትኖ ነበር። እነዚያው ሰዎች በየተራ 50 ሚሊ ግራም ዳይፈንሃይድራሚን፣ አልኮል፣ ፌክሶፈናዲን የሚባል ሌላ የአለርጂ መድኃኒትና ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። በአንዳንድ መለኪያ ዳይፈንሃይድራሚን የወሰዱ ቀን የነዱት ደማቸው ውስጥ 0.1 በመቶ ገደማ አልኮል ከነበረበት ቀን ይልቅ የባሰ ሆነ። 50 ሚሊ ግራም ማለት ደግሞ አንተ የምትውጣቸው ሁለት ፍሬዎች ናቸው። ሰዎቹ «ይህን ያህል ደብቶኛል» ብለው የሰጡት ግምትም ከአነዳዳቸው ጋር እምብዛም አልገጠመም። ስለዚህ ስሜትህን ምስክር አታድርግ።

እንግዲህ ምን ልውሰድ ካልክ፣ ለሚነዳ ሰው እኔ የማስቀድመው ፌክሶፈናዲንን ነው፤ አሌግራ ብለው የሚሸጡት። በቀን አንድ ጊዜ 180 ሚሊ ግራም፣ በውሃ ብቻ። የብርቱካን፣ የፖም ወይም የግሬፕፍሩት ጭማቂ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው አንዳንዴ ከቁርስ ጭማቂ ጋር ስለሚውጠው ነው። አልሙኒየምና ማግኒዚየም ካለበት የጨጓራ መድኃኒት ጋርም አብረህ አትውሰደው። ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራምም ደህና ነው። ሴትሪዚን ለማሳከክ ጎበዝ ቢሆንም የሚያደብታቸው ሰዎች አሉ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለአብራሪዎች ፌክሶፈናዲንንና ሎራታዲንን ሲፈቅድ ሴትሪዚንን ከልክሏል። አንተም ሰው ጭነህ ነው የምትሄደው።

ሣጥኑን ገልብጠህ አንብብ። ስሙ ላይ «ፒ ኤም» የተጨመረበት የራስ ምታት ክኒን ውስጥ ብዙ ጊዜ ያው ዳይፈንሃይድራሚን ተደብቆ አለ። «ዲ» የሚል ፊደል ከተከተለው ደግሞ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ተቀላቅሎበታል ማለት ነው፤ ልብ ያስመታል፣ የደም ግፊት ያወጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

«እንዲህ ከሆነ ሁሉንም ልተወው» እንዳትል ደግሞ። አፍንጫው ታፍኖ ያደረ ሰው እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ በማግስቱም ሐሳቡ አይሰበሰብም።

ለመታፈኑ ከክኒን ይልቅ የሚበረታው ፍሉቲካሶን የሚባለው የአፍንጫ ስፕሬይ ነው። ችግሩ ቶሎ አይደርስም፤ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት ቀናት ይፈልጋል። ለዚህ ነው በየካቲት የምጽፍልህ። እዚያ ዛፎቹ ብናኝ መልቀቅ የሚጀምሩት አሁን ነው፣ ኦክ የሚባለው ሚያዝያ ላይ ይበረታል፣ ግንቦትና ሰኔ ሣሩ ይተካል፣ ከነሐሴ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ደግሞ ራግዊድ የተባለው አረም አለ። ዛሬውኑ ጀምር፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በየአፍንጫህ ቀዳዳ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በቀን አንዴ፤ ከዚያ ከተሻለህ ወደ አንድ አንድ አውርደው።

አነፋፉ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። መጀመሪያ ተናፈጥ፣ ጠርሙሱን ነቅንቅ፣ አዲስ ከሆነ ጉም መስሎ እስኪወጣ ድረስ አየር ላይ ተጫነው። አንገትህን ወደ ኋላ አታቅና፣ ጎንበስ በል። ለግራው ቀዳዳ ቀኝ እጅህን፣ ለቀኙ ግራ እጅህን ተጠቀም፤ ጫፉ በራሱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮህ አቅጣጫ ይዞርልሃል። መሃለኛውን ግድግዳ ከመታኸው ያደርቀዋል፣ ይነስርሃል። በቀስታ ሳበው። ጉሮሮህ ላይ ከመረረህ አጥብቀህ ስበኸዋል። ኦክሲሜታዞሊን ያለበትን፣ በደቂቃ የሚከፍተውን ስፕሬይ ግን ከሦስት ቀን በላይ አትንካው፤ ሲያልቅ ከፊተኛው ብሶ ይዘጋሃል።

የመኪናህን መስኮት ዝጋ። ወደ መኪናው የሚገባውን አየር የሚያጣራውን የካቢን ፊልተር የብናኙ ወቅት ሳይጀምር አስቀይረው፤ በብዙ መኪና ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ነው ያለው። አየሩ ውስጥ ለውስጥ እንዲዞር የሚያደርገውን ቁልፍ ተጠቀም፣ ግን ሰው ሞልቶ ረጅም መንገድ ስትሄድ አልፎ አልፎ አጥፋውና የውጭ አየር አስገባ፤ የታመቀ ትንፋሽም ያደብታል። ማታ ፀጉርህን ሳትታጠብ ትራስ ላይ አትጋደም።

ደረትህ ሲር ሲር ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ የአፍንጫ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የቆዳ ምርመራ ካዘዙልህ ክኒኑን ከሳምንት በፊት አቁም ይሉሃል፤ ስፕሬዩ አይከለከልም።

ስፕሬዩን የገዛህ ቀን ደውልልኝ፤ አያያዝህን በቪዲዮ አየዋለሁ።

እናትህ