ሲም ከመቀየራችሁ በፊት ኔትወርኩ ለምን እንደሚጠፋ ለዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጎንደር ስለ ኔትወርክ የሚነሳው ጥያቄ መልኩን ቀይሯል። ዱሮ «መቼ ነው የሚስተካከለው?» ነበር፤ አማራጭ ስላልነበረ ከዚያ የዘለለ ነገር መጠየቅም አይቻልም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ግን ጥያቄው «ወደ 07 (ሳፋሪኮም) ልሻገር ወይስ 09 (ኢትዮ ቴሌኮም) ላይ ልቆይ?» ሆኗል። እኛ ቀፎ በመጠገንና ሲም በመሸጥ የምንተዳደር ነን። አዲስ ሲም በተሸጠ ቁጥር ስለምንጠቀም «ቀይሩ» ብንል ይቀለን ነበር። ነገር ግን ሲም ገዝቶ የሚሄደው ሰው ግማሹ ችግሩ ሳይፈታለት ስለሚመለስ ይህን መጻፍ ግድ ሆነብን።

«ኔትወርክ የለም» የሚባለው ነገር አንድ አይደለም። ሞገዱ ቤታችሁ ድረስ አልደረሰ ይሆናል። ደርሶም ተጠቃሚው ከአቅሙ በላይ በዝቶበት ይሆናል። ወይም ታወሩ ራሱ መብራት አጥቶ ወይም ፋይበሩ ተቆርጦበት ይሆናል። ኩባንያ መቀየር በአብዛኛው የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ነው፤ ለሁለተኛው አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ለሦስተኛው ብዙ ጊዜ ምንም አይፈይድም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት፤ ያ የአንቴና ጉዳይ አልነበረም፣ ሲም በመቀየርም የሚፈታ አልነበረም።

ከሞገዱ እንጀምር። የጎንደር መሬት ለኔትወርክ አይመችም። ፒያሳ ከፍታ ላይ ነው፤ ወደ አንገረብና ወደ ቀሃ ወንዝ ሲወረድ ግን መሬቱ እየጎደጎደ ይሄድና ታወሩ ከኮረብታው ጀርባ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ከአንድ ሰፈር ሁለት ቤት፣ አንዱ ዳገቱ ላይ አንዱ ሸለቆው አፍ ላይ፣ ፈጽሞ የማይመሳሰል ኔትወርክ ይኖራቸዋል። የጎረቤት ምክር እንኳ የማይሠራበት ጊዜ አለ። አዘዞና ጠዳ አካባቢ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ሞገዱን የሚከልለው ነገር ትንሽ ነው፤ እዚያ ወሳኙ ከታወሩ ያላችሁ ርቀት ነው። በጣም ከፍ ያለ ቦታም የራሱ ጣጣ አለው። ጎሃ ተራራ ላይ ያለ ስልክ ብዙ ታወር ያያል፤ አንቴናው ሙሉ ሆኖ ሳለ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ጥሪ ይቆርጣል። «አንቴና ሙሉ ነው ግን አይሠራም» የሚሉ ሰዎች ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ እንዲህ ያለው ነው።

ግድግዳም ይቆጠራል። በፒያሳ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ሕንፃዎች፣ የብረት ዘንግ የበዛበት የኮንክሪት ወለል፣ ከላይ ደግሞ ቆርቆሮ ሲጨመር ሞገዱ ውጭ ይቀራል። በ800 እና በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሞገድ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል። 1800፣ 2100 እና 2600 ላይ ያለው ብዙ ዳታ ይሸከማል፤ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ በረንዳ ላይ የፈጠነው ሲም መኝታ ቤት ውስጥ የዘገየው ሊሆን ይችላል። ሲም ስትፈትኑ ሱቁ ደጃፍ ቆማችሁ አትፈትኑ የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ልኬቱን እንመልከት። ስክሪኑ ላይ ያሉትን የአንቴና ዘንጎች እመኑ አንልም፤ እያንዳንዱ የቀፎ አምራች በራሱ ስሌት ስለሚስላቸው ሳምሰንግ ላይ ሦስት ዘንግ ቴክኖ ላይ አራት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ቁጥር ስልኩ ጋ የሚደርሰውን ሞገድ ጥንካሬ የሚለካው፣ ዲቢኤም (dBm) የሚባለው ነው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ «አባውት ፎን» የሚለው ውስጥ «ሲም ስታተስ» ወይም «ስታተስ» ስትሉ ታገኙታላችሁ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ስትደውሉ የፍተሻ ገጽ ይከፈታል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። በ4ጂ ከ-85 ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ጥሩ ነው። -85 እስከ -100 ያሠራል። ከ-100 እስከ -110 ያለው ቪዲዮ ላይ መንተባተብ ይጀምራል። ከ-115 በታች ሲወርድ ስልኩ በእጃችሁ ሞቆ ባትሪውን ሲጨርስ ታያላችሁ፤ ታወሩ እንዲሰማው ባለ በሌለ ኃይሉ ስለሚጮህ። 10 ዲቢ ልዩነት ማለት የኃይሉ አሥር እጥፍ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ -95ን ከ-105 ጋር «ያው ነው» ብላችሁ አትለፉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የ4ጂ ቁጥር በአለካኩ ምክንያት ከ2ጂና ከ3ጂ ዝቅ ብሎ ነው የሚነበበው። አንዱ ሲም 3ጂ ላይ -92፣ ሌላው 4ጂ ላይ -103 ቢያሳይ የመጀመሪያው ይበልጣል ማለት አይደለም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ትውልድ ላይ መሆናቸውን አረጋግጣችሁ አወዳድሩ።

ሌላው «ይሰማኛል፣ እነሱ ግን አይሰሙኝም» የሚባለው ነው። ታወሩ በአሥር ዋቶች በሚቆጠር ኃይል ያሰራጫል፤ ስልካችሁ በ4ጂ ቢበዛ 0.2 ዋት ያህል ነው ያለው። መውረጃው እየደረሰ መውጫው የማይደርስበት ሁኔታ የሚፈጠረው በዚህ ነው። በዲቢኤም ብቻ አይታወቅም፤ ደውላችሁ እያወራችሁ «ትሰሙኛላችሁ?» ማለት ያስፈልጋል።

ኩባንያውን ከመክሰሳችሁ በፊት ቀፎውንና ሲሙን ነጻ አድርጉ። ሲሙን አውጥታችሁ የሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ክተቱት፤ እዚያ በደንብ ከሠራ ጥፋቱ የቀፎው ነው። ስክሪን ወይም ጀርባ ከተቀየረ በኋላ የተዳከመ ስልክ ብዙ ጊዜ የአንቴና ሽቦው በትክክል አልተሰካም፣ ወይም መገናኛው ታጥፏል፤ ይህ የጥገና ሥራ ነው። ከብረት የተሠራ ወይም ማግኔት ያለው ከቨር አውልቃችሁ ለኩ። ሲሙ የ2ጂ ወይም የ3ጂ ዘመን ከሆነ ደግሞ ታወሩ ሥር ብትቆሙም 4ጂ አይሰጣችሁም፤ የኩባንያው አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ ያንኑ ቁጥር በ4ጂ ሲም መተካት ነው። ይህን ብቻ አድርገው «ልቀይር» ማለታቸውን የተዉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በመቀስ የተቆረጠ ሲም ካላችሁም አብራችሁ አስቀይሩት፤ ማስገቢያውን ያበላሻል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ስልክ ከሆነ ሁለት ነገር ይታይ። በመጀመሪያ ለአንድ ኩባንያ የተቆለፈ እንዳይሆን፤ ሲም ሲገባበት መክፈቻ ኮድ ከጠየቀ ተቆልፏል። ቀጥሎ ለዚያ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ርካሽ ስልኮች እዚህ የምንጠቀምባቸውን የ4ጂ ሞገዶች በሙሉ አይቀበሉም።

የሰው ብዛት ያመጣውን መለየት ቀላል ነው። ቁጥሩ -80 እያለ ገጽ አልከፍት ካለ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግን የሚበር ከሆነ፣ ታወሩ ተጨናንቋል። ጥምቀት በመጣ ቁጥር በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሆነውን ያየ ሰው ይህን አያጣውም፤ አንቴና ሙሉ፣ ፎቶ መላክ ግን አይቻልም። አንድ ታወር ያለውን አቅም በሥሩ ላሉት ሁሉ ነው የሚያካፍለው። በሰፈራችሁ ዘወትር ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት የሚታፈን ከሆነ ተጠቃሚ ያልበዛበት ሌላ ኩባንያ በእርግጥ ሊያሳርፋችሁ ይችላል። እስኪበዛበት ድረስ።

የመብራቱ ጉዳይ ግን ይለያል። ታወር ባትሪ አለው፣ አንዳንዱ ጄኔሬተርም አለው፤ መብራት ጠፍቶ ሰዓታት ሲቆይ ባትሪው ያልቃል፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ይፈልጋል። ሁለቱ ኩባንያዎች መሠረተ ልማት የመጋራት ስምምነት ስላላቸው የሁለቱም መሣሪያ አንድ ምሰሶ ላይ የተሰቀለበት ቦታ አለ። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቀን ሰዓቱን ያዙና 09 እና 07 አብረው ይጠፉ እንደሆነ ተመልከቱ። አብረው ከጠፉ ለዚህ ችግር ብላችሁ ካርድ አታባክኑ።

ፈተናውን እንዲህ አድርጉ። ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ አዲሱን ሲም ጨምሩ፤ አሮጌውን አታውጡ። አንዳንድ ቀፎ ላይ ሁለተኛው ማስገቢያ ከሚሞሪ ካርድ ጋር የጋራ ስለሆነ ካርዱን ማውጣት ያስፈልጋል። የቆዩ ርካሽ ቀፎዎች ደግሞ 4ጂ የሚሰጡት ለአንዱ ማስገቢያ ብቻ ነው፤ ሌላው 2ጂ ላይ ይቀራል። ሳይፈትሹ «አዲሱ ሲም ደካማ ነው» ብሎ መፍረድ ስህተት ስለሆነ ሲሞቹን አቀያይራችሁ ድገሙት። ጥቅሉ የሳምንት ይሁን፤ የወር ገዝታችሁ አትጀምሩ። መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ ዘወትር የምትሄዱበት የባጃጅ ወይም የታክሲ መስመር፣ ካላችሁ ደግሞ የገጠር ቤተሰብ ቤት፤ በእያንዳንዱ ጠዋት፣ ቀትርና ምሽት ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆማችሁ ዲቢኤሙን ጻፉ። ከሦስት ደቂቃ ያላነሰ ጥሪ እየተራመዳችሁ አድርጉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ወደ እናንተ እንዲደውል አድርጉ፤ አሥር ጊዜ ተደውሎ ስንቱ ጠራ? ነጋዴ የሚጎዳው ባልጠራው ነው።

ጥሪ ሲገባ ዳታው የሚቋረጥ ከሆነ ስልኩ ለድምፅ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ እየወረደ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ቮልቲኢ» (VoLTE፣ ጥሪውን በ4ጂ ላይ የሚያስኬደው) የሚል ካለ አብሩት፤ የማይታይ ከሆነ ለእናንተ ቀፎ ተከፍቶ እንደሆነ ኩባንያውን ጠይቁ። በጎንደርና በደባርቅ፣ በመተማ ወይም በባሕር ዳር መንገድ የምትመላለሱ ከተማ ውስጥ ባገኛችሁት ፍጥነት አትወስኑ፤ መንገድ ላይ የሚቆጠረው ሽፋን ነው፣ እሱም መንገዱ ላይ ብቻ ነው የሚፈተነው።

ከሞገዱ በላይ ሰው የሚጎዳበት ቁጥሩ ላይ ነው። ኩባንያ ስትቀይሩ ቁጥራችሁ አብሯችሁ ይሄዳል ብላችሁ አትነሱ፤ 09ን እንደያዛችሁ 07 ጨምሩ። ቴሌብር የታሰረው በ09 ላይ ነው፣ ቀሪ ሒሳቡም ወደ 07 አይከተላችሁም። የእንደኪሴም ሆነ የሌላ ብድር ካለባችሁ አጠናቅቁ። ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በተመዘገበው ስልክ ስለሆነ ለማስቀየር መታወቂያ ይዛችሁ ቅርንጫፍ መሄድ አለባችሁ። የፋይዳም እንዲሁ ነው። ቴሌግራም «ቁጥር ቀይር» የሚል አለው፤ በእሱ ከቀየራችሁ ግሩፖቻችሁና መልእክቶቻችሁ አይጠፉም፤ አዲስ አካውንት ከከፈታችሁ ግን ይቀራሉ። ዕድርና ዕቁብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ውጭ ያለ ዘመድ፤ እነዚህ በራሳቸው አያውቁም፣ መንገር ነው።

አሮጌውን ሲም መሳቢያ ውስጥ ጥሎ መርሳት ከሁሉ የከፋው ነው። ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት ቁጥር ይዘጋና ለሌላ ሰው ይሸጣል። ከዚያ በኋላ የባንካችሁ ኮድ የሚደርሰው ለማታውቁት ሰው ነው። ሁሉንም አስቀይራችሁ እስክትጨርሱ ትንሽም ቢሆን ካርድ እየሞላችሁ፣ ጥቂት እየደወላችሁበት አቆዩት። ሲሙ በማን ስም እንደሆነም እወቁ። በወንድም ወይም በቀድሞ አሠሪ ስም የወጣ ሲም ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ምትክ የሚሰጠው ለባለስሙ ነው፤ ባለስሙ ጎንደር እያለ አብራችሁ ሄዳችሁ ወደ ስማችሁ አዙሩት።

ወጪውን ስታሰሉ ማን ወደ ማን እንደሚደውል ቁጠሩ። ርካሹ የድምፅ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ኩባንያ ውስጥ ለሚደረግ ጥሪ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ 09 ላይ ሆኖ እናንተ ብቻ 07 ብትሆኑ በዳታ ያተረፋችሁትን በጥሪ ትመልሱታላችሁ። ለብዙ ሰው የሚያዋጣው ጥሪውን አንዱ ላይ፣ ዳታውን ሌላው ላይ ማድረግ ነው፤ ስልኩ ሁለቱንም ለየብቻ ይመርጣል።

በገበያ የሚሸጠውን የሞገድ ማጉያ አትግዙ። በትክክል ያልተተከለ ማጉያ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ይጮኻል፣ የሰፈሩንም ታወር ያውካል፤ ያለፈቃድ መትከልም ያስጠይቃል። ቤታችሁ ውስጥ ብቻ ከሆነ ችግሩ ስልኩን ታወሩ ያለበት አቅጣጫ ባለው መስኮት አስቀምጣችሁ በሆትስፖት መጠቀም ከማጉያው ይሻላል።

ቅሬታ ስታቀርቡም «ኔትወርክ የለም» አትበሉ። ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለሳፋሪኮም በ700 ስትደውሉ ቀበሌውን፣ በቅርብ ያለውን ታዋቂ ቦታ፣ ሰዓቱን፣ የጻፋችሁትን ዲቢኤም፣ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚለውን ንገሩ፤ የቅሬታ ቁጥርም ተቀብላችሁ ያዙ። ከአንድ ሰፈር የአምስት ቤት ልኬት በአንድ ላይ ሲቀርብ ቴክኒሻኑ የት አንቴና እንደሚያዞር ያውቃል። መልስ ካጣችሁ ያንን የቅሬታ ቁጥር ይዛችሁ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ትችላላችሁ።

የሞባይል ጥገና ሠራተኞች
ከጎንደር