«አንድም ሳይጎድል» ተብሎ ስለተዋወቀው ፊልም የቀረበ ቅሬታ

ለፊልም ሥራ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመጽሐፉ ኖረው በፊልሙ የተቀነሱና የተለወጡ የፍቅር ትዕይንቶችን ይመለከታል

ደሴ ከተማ ፒያሳ አካባቢ መጻሕፍት አከራያለሁ፤ እሸጣለሁም። ፊልማችሁ ለዕይታ ከመብቃቱ በፊት ሠራተኞቻችሁ ሱቄ ድረስ መጥተው «የምትወዱት መጽሐፍ አንድም ሳይጎድል» የሚል ፖስተር እንድለጥፍ ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ ለጠፍሁ። መጽሐፉን ከእኔ ወስደው ያነበቡ ሰዎች ፖስተሩን አምነው ገቡ፤ ከአዳራሹ ሲወጡ ወቀሳቸውን ይዘው የመጡት ግን ወደ እኔ ነው። እናንተን የት ያገኟችኋል? ስለዚህ ወቀሳውን ለባለቤቱ ላድርስ።

ዋናው ቅሬታችን የቡናው ትዕይንት ነው። በመጽሐፉ ልጁ ወደ ልጅቷ ቤት የሚመጣው ለእናቷ መልእክት ለማድረስ ነው። ቡና ሳይጠጣ እንዲሄድ ማን ይፈቅድለታል፤ ይቀመጣል። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ተጠጣ፣ ተመረቀ። ከበረካ በኋላ እንግዳ ጫማውን መፈለግ አለበት። እርሱም ሊነሳ ሲል ልጅቷ ጀበናውን ታጥባለች፤ ከዚያ አንድም ቃል ሳትናገር እንደገና ጥሬ ቡና ምጣዱ ላይ ታደርጋለች። ጭሱ ይነሳል። እናትየው ምጣዱን ያያሉ፣ ልጃቸውን ያያሉ፣ ልጁን ያያሉ፤ «ቡናው አላለቀም እንዴ?» ይላሉ፤ ሌላ ነገር አይጨምሩም። ልጁ ተመልሶ ይቀመጣል። በምዕራፉ ውስጥ «እወድሃለሁ» የሚል ቃል አንድ ቦታ እንኳ የለም።

እናንተ በዚህ ፋንታ ሁለቱን ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሻማ በበራበት ጠረጴዛ አስቀመጣችኋቸው። ልጁ ተንበርክኮ ቀለበት ያወጣል፤ አስተናጋጆቹ ያጨበጭባሉ። ልጁ እኮ ደመወዙን ለእናቱ የሚልክ የጋራዥ ረዳት ነው! ከእኔ ፊት ለፊት የተቀመጠች ወጣት «ቡናውስ?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ደግሞ ፊልሙ ሊያስቀን ባሰበበት ቦታ አልነበረም።

ሱቄ ውስጥ ያለው ቅጂ ላይ ያ ምዕራፍ ከሌሎቹ ተለይቶ ጠቁሯል። ስፌቱ ተበጥሶ በማጣበቂያ ይዤዋለሁ። በእርሳስ ያሰመሩበት ብዙዎች ናቸው፤ አንዱማ ከኅዳጉ ላይ «እኔም ተቀምጬ ነበር» ብሎ ጽፏል። በኪራይ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ ይህን ግን ላጠፋው አልፈለግሁም። ሰው ይህን ያህል የያዘውን ገጽ ማውጣት የፈለገ ባለሙያ ቢያንስ አንድ አንባቢ ጠይቆ ማውጣት ነበረበት።

ከትዕይንቱ ጋር አብሮ የወጣ ሌላ ነገርም አለ። በመጽሐፉ ልጅቷ ከሙስሊም፣ ልጁ ከክርስቲያን ቤተሰብ ናቸው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት የሁለቱንም እምነት ተከታዮች ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም፤ ደራሲውም ቀላል ነው አላሉም። እናትየው ሁለተኛውን ቡና ሳይከለክሉ መቅረታቸው ክብደት ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እናንተ የልጅቷን ስም ለውጣችሁ ነገሩን ሁሉ የሀብታምና የድሃ ጠብ አደረጋችሁት። ሀብታም አባት ገንዘብ እየወረወረ «ልጄን እንዳትቀርብ» የሚልበትን ፊልም ስንት ጊዜ አይተናል! ምናልባት ማንም ቅር እንዳይለው ብላችሁ ይሆናል። እኛ ግን መጽሐፉን ሁላችንም አንብበናል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከእኔ ሱቅ ተከራይቶታል፤ ቅር ተሰኝቶ የመለሰልኝ የለም።

ከጎረቤት የሚሰማው የማሲንቆ አምባሰልም በፒያኖ ተተክቷል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ሆነው ሳለ የወሎን ፍቅር በፒያኖ ማጀብ ምን የሚሉት ነው?

የመሰነባበቻውም ነገር ከዚህ አይሻልም። በመጽሐፉ ልጁ ለሥራ ወደ አሰብ ሲሄድ ኮምቦልቻ ላይ በጭነት መኪና ይሳፈራል። ልጅቷ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጠዋለች፤ እርሱም ባቲን አልፎ ሚሌ እስኪደርስ ቋጠሮውን አይፈታም። በፊልሙ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ እየሮጠች ትደርስበታለች። ታሪኩን ወደ ዛሬ ማምጣታችሁን እቀበላለሁ፤ አሰብም ዛሬ የምንሄድበት ወደብ አይደለም። ነገር ግን በዚያው በባቲና በሚሌ መንገድ ወደ ጂቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና ዛሬም አለ። ቋጠሮውን ለማዳን መኪናውን ጂቡቲ መላክ ይበቃ ነበር።

ፊልም መጽሐፍን እንዳለ ይውሰድ የሚል የዋህ አይደለሁም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ጊዜ ነበረው፤ እናንተ ያላችሁ ሁለት ሰዓት ነው። የአጎትየውን የመሬት ክርክር ማውጣታችሁን አመሰግናለሁ፤ እኔም እዚያ ስደርስ ገጽ እዘላለሁ። የጦሳ ተራራን ጉም የቀረጻችሁበትም መንገድ የሚያስከብራችሁ ነው። በ1813 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመውን የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የጄን ኦስተንን ልብ ወለድ «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ተመልከቱ፤ ኩሩው ሚስተር ዳርሲ ለሚወዳት ልጅ መጀመሪያ የጋብቻ ጥያቄ የሚያቀርበው ቤት ውስጥ ነው፤ በዚያው አቆጣጠር የ2005ቱ ፊልም ወደ ውጭ አውጥቶ ዝናብ ውስጥ አደረገው። ቦታው ተለወጠ፤ የሰውየው ኩራትና የልጅቷ እምቢታ ግን በቦታቸው ናቸው። የእኛም ጥያቄ ይኸው ነው። ሆቴል ውሰዷቸው፣ ዝናብ አዝንቡባቸው፤ በሁለቱ መካከል የሆነውን ነገር ግን አትንኩ።

ያው ፊልም ለአሜሪካ ተመልካች መጨረሻው ላይ ጥንዶቹ የሚሳሳሙበት ትዕይንት ተጨምሮለት ሲወጣ፣ ለእንግሊዝ ተመልካች ያለዚያ ትዕይንት ነበር የታየው። ስለዚህ አንድን ፊልም በሁለት ዓይነት ቅጂ ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ መሪ ተዋናይቷ በሬዲዮ ቃለ ምልልስ የቡናው ትዕይንት ተቀርጾ እንደነበርና በኋላ እንደተቆረጠ ተናግራለች። ካለ፣ ፊልሙን ለቴሌቪዥንና ለዩቲዩብ ስታወጡት መልሱት።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ተዛባ ብለው መቃወም የሚችሉት ደራሲው ናቸው፤ እርሳቸው ከተስማሙ በዚያ በኩል አንባቢ የሚለው የለም። ማስታወቂያው ግን የእኛ ጉዳይ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። «ከመጽሐፉ የተወሰደ ታሪክ» ብትሉ ማንም አይከሳችሁም ነበር። «አንድም ሳይጎድል» ያላችሁት እናንተው ናችሁ።

የቲኬት ገንዘብ ይመለስልን አንልም። ማስታወቂያው ይታረም፤ የቡናው ትዕይንት ይመለስ፤ ሊሠራ ነው የተባለው ሁለተኛው ክፍል ከመቀረጹ በፊትም ጽሑፉን ከወሎ ለሆኑ ጥቂት አንባቢዎች አሳዩ። ሰው ከጠፋ እኔ በነጻ እሰበስብላችኋለሁ፤ ከደንበኞቼ መካከል መጽሐፉን በቃሉ የሚወጣው አለ።

ፖስተራችሁን አንስቼ ከመደርደሪያ ጀርባ አስቀምጫለሁ። የታረመው ሲደርሰኝ በዚያው ቦታ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
መጻሕፍት አከራይ፣ ደሴ