ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ቀን፦ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚሰጠውን የሒሳብ ልምምድ ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የውጤት ካርድ ተሰጥቷል፤ ያልወሰዳችሁ ከመዝገብ ቤት እንድትወስዱ፣ የዓድዋ በዓልም ዘንድሮ እሑድ ስለሚውል ሰኞ የካቲት 24 እንደ ወትሮው ትምህርት መኖሩን እንድታውቁ በማክበር እንገልጻለን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሰሞኑን በመገናኛ ደብተር፣ በስልክ፣ ሌላው ቀርቶ በበሩ ጥበቃ ሠራተኛችን በኩል አንድ ጥያቄ ሲደጋገም ከርሟል፦ «ልጆቻችን ሒሳብ የሚማሩት መቼ ነው?» ወላጅ ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። አንዳንዶቻችሁ ግን ጥያቄውን የላካችሁልን ከነመልሱ ስለሆነ፣ የእኛንም መልስ አንድ ጊዜ ብታነቡልን ደስ ይለናል።

በሳምንት አምስት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አለ። ሦስቱ እንደ ቀድሞው በሰሌዳ፣ በመጽሐፍና በደብተር ይሰጣሉ። ሦስቱ። ይህን የምደግመው ከደረሱን ቅሬታዎች አብዛኞቹ አምስቱም የተሰረዙ አስመስለው ስለተጻፉ ነው። በቀሩት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ክፍሉ በአራት ጣቢያ ይከፈላል፤ ልጆቹ በየጣቢያው ስምንት ደቂቃ እየሠሩ ይዘዋወራሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ የሚተርፈው ለማስጀመርና ዕቃ ለመሰብሰብ ይውላል። ከአራቱ በአንዱ ጣቢያ መምህሯ ራሷ ተቀምጣ ትምህርቱ የከበዳቸውን በቅርብ ትረዳለች። የጣቢያዎቹ ርዕስ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ባለፈው አትክልት ተራ ነበር፣ አሁን ዓድዋም ተጨምሯል።

«ገበያ ገበያ ሲጫወቱ ዋሉ» ለሚሉ ወላጆች ያየሁትን ልንገራችሁ። ቲማቲም በኪሎ 48 ብር ተብሎ ተለጥፏል። ገዢዋ አንድ ኪሎ ተሩብ ጠየቀች፤ የወረቀት 100 ብር ዘረጋች። ሻጩ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና የአስርዮሽ ማባዛትን አንድም ሳይስት የሠራ። እርሳስ ፈለገ፤ በዚያ ጣቢያ እርሳስ አይፈቀድም። ጣራውን አየና «ሰባ ሁለት» አለ። ገዢዋ ገንዘቧን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «ሩብ ኪሎው ብቻውን ስንት ነው?» ስትለው ፊቱ ቀላ። ለካ ሩቡን እንደ ግማሽ ቆጥሮት ኖሯል። አሥራ ሁለት። ስልሳ። አርባ ብር መለሰላት። የዚህ ልጅ ደብተር ሙሉ ነው፤ እርማቱም ያማረ ነው። የሚያውቀውን በአፉና በእጁ እንዲሠራበት ያደረገው ግን ደብተሩ ሳይሆን ያቺ ደንበኛ ናት።

የዓድዋው ጣቢያ ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 2 ቀን 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከተነሡ እስከ የካቲት 23 ስንት ቀን እንዳለፈ ይጠይቃል። እነዚህ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ አራት ወር 120፣ በላዩ 21፣ ድምሩ 141 ቀን። ቀጥሎ ልጆቹ ለአንድ ሰው በቀን የሚበቃውን በሶ ራሳቸው መድበው ስንቁን ያሰላሉ። በቅሎዋ ከበሶው ይደርሳታል ወይስ አይደርሳትም በሚል ክርክር ጥቂት ደቂቃ መባከኑን አልክድም። ከክርክሩ በኋላ ግን የበቅሎዋን ድርሻ ያላካፈለ ቡድን አልነበረም።

«ደብተሩ ባዶ ነው» ትላላችሁ። ባዶ አይደለም፤ የሦስቱ ቀን ሥራ አለበት። የጣቢያው ሥራ ደግሞ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው በሚሠራው ወረቀት ላይ አለ፤ ወረቀቱ ታርሞ በልጁ ፋይል ይቀመጣል። ፋይሉ ከመምህሯ ጠረጴዛ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። እስካሁን ልየው ብሎ የመጣ ወላጅ የለም።

«ጫጫታ በዛ» ትላላችሁ። ዋጋ የሚከራከር ልጅ ዝም ብሎ አይከራከርም።

«ጎበዙ ልጄ ከደካሞች ጋር ተቀላቅሎ ወደ ኋላ ቀረ» የሚለውን አክብጄ እመለከተዋለሁ። ምድቡ በየሳምንቱ በታረሙት ወረቀቶች መሠረት ይለወጣል፤ ቶሎ ለጨረሱም ቀይ ካርድ የተባለ ከበድ ያለ ጥያቄ በየጣቢያው አለ። ቀይ ካርዱን ወደ ቤት ወስዶ በአባቱ ያሠራ ልጅም አጋጥሞናል። አባትየው አራተኛውን ጥያቄ ስተውታል።

አስጠኚ የቀጠራችሁም «አስጠኚው የሚከታተለው ነገር አጣ» ብላችኋል። የሳምንቱ የመጽሐፍ ገጾች ሰኞ ሰኞ በመገናኛ ደብተር ይጻፋሉ፤ መገናኛ ደብተሩ የሚፈረምበት ብቻ ሳይሆን የሚነበብም ነው።

የ6ኛ ክፍል ወላጆች ከተማ አቀፍ ፈተናውን አንሥታችኋል። ፈተናው ምርጫ መሆኑ አይጠፋኝም። ምርጫ የሚያወጣ ባለሙያ ግን የተሳሳቱትን መልሶች ዝም ብሎ አይደረድርም፤ ልጆች የሚስቱትን ስሕተት አስቦ ነው የሚያስቀምጠው። «72» ያለው ልጅ 72ን ከምርጫዎቹ መካከል ያገኘዋል፣ ደስ ብሎትም ያከብበዋል። ስሕተቱን ከፈተናው ቀን ይልቅ ቲማቲም ሲሸጥ ቢያገኘው እመርጣለሁ።

«እኛ በጥቁር ሰሌዳና በልምጭ ነው የተማርነው፤ ምን ሆንን?» የሚልም አለ። እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ነገር ግን ትምህርት ሚኒስቴር እንዳሳወቀው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። በጣቢያዎቹ ቆርኪ መቁጠር ይህን ያስተካክላል አላልኩም፤ አልልምም። እነዚያ ልጆች ግን አሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ሲሞሉ ነበር።

ክፍያን በተመለከተ፣ ለጣቢያዎቹ ተብሎ በወር ክፍያው ላይ የተጨመረ አንድም ብር የለም፤ አይጨመርምም። የጠየቅነው ቆርኪ፣ ባዶ የውኃ ፕላስቲክና ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ነው። ቆርኪ አምጡ ስንል ለስላሳ በሳጥን ግዙ ማለታችን አለመሆኑን በትሕትና እናሳስባለን። በገበያው ጣቢያ ያለው እንቁላልም የወረቀት ስለሆነ፣ ሰኞ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይነሣልን በሚል የቀረበውን ማመልከቻ ሳንቀበለው ቀርተናል።

ጣቢያዎቹ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቀጥላሉ። ማየት የምትፈልጉ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከረፋዱ 4 ሰዓት ስልካችሁን አጥፍታችሁ ክፍል መግባት ትችላላችሁ፤ ስማችሁን በዋዜማው ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ። ልጃችሁ ሲቸገር ከኋላ ቆሞ መልስ ማቀበል ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አያቶችንም ይጨምራል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት
ለሒሳብ ትምህርት ክፍል
ለጥበቃ ክፍል (በበር ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ወደ ቢሮ እንዲመራ)