ጓንዡ ስትመጪ ታክሲውን አትፍሪው

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? እትዬስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ቆየን አይደል? ቴሌግራም እዚህ ያለ ቪፒኤን አይከፈትም፣ ቪፒኤኑም ደስ ሲለው ነው የሚሠራው። ደግሞ አንቺም ዝም ብለሻል፣ ስለዚህ እኩል ነን።

ባለፈው እህትሽ ደውላ "ለካንቶን ፌር፣ ለቻይናው ትልቅ የንግድ ትርኢት፣ ልትመጣ ነው፣ ታክሲውን ግን ፈርታዋለች" ስትለኝ ሳቄ መጣ። መርካቶን በኩሊና በጭነት መኪና መሃል እየተጋፋሽ የምትውዪ ሴት የጓንዡን ታክሲ ትፈሪ? ቆይቼ ሳስበው ግን ገባኝ። አንድ ቃል ከማይገባባሽ ሰው ጋር መኪና ውስጥ ገብቶ በር መዝጋት ያስጨንቃል። እዚህ ያሉት አበሾች ሁሉ በዚህ አልፈዋል።

ከባይዩን ኤርፖርት እንጀምር። ከጉምሩክ እንደወጣሽ መጀመሪያ የሚያናግርሽ ሰው በእንግሊዝኛ "ታክሲ? ታክሲ?" የሚል ነው። ዝም ብለሽው እለፊ። ትክክለኛው ባለ ታክሲ ውጭ ተሰልፎ ነው የሚጠብቅሽ፣ እንግሊዝኛም አይችልም። አለመቻሉ ደህና ምልክት ነው ብለሽ ያዢው። ኮንትራት ስንት ነው ብሎ ክርክር የለም። ቆጣሪው ይከፈታል፣ በ12 ዩዋን ይጀምራል፣ ከ3 ኪሎ ሜትር በኋላ በየኪሎ ሜትሩ ይጨምራል። ቆጣሪውን ካልከፈተ ውረጂ። ቲፕ የሚባል ነገር የለም። ሹፌሩን "ሺፉ" በዪው፣ ደስ ይለዋል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እዚህ ሰው የሚጉላላው ቻይንኛ ስላልቻለ ብቻ አይደለም። የሚሄድበትን ቦታ በቅጡ ስለማያውቀው ነው። አዲስ አበባ "ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ" ብለሽ ትነሺያለሽ፣ ስትደርሺ "ትንሽ ወደፊት፣ እዚችው ጋ" ትያለሽ። እዚህ ያቺን "እዚችው ጋ" የምትዪበት ቋንቋ የለሽም። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት በሩን ጭምር ማወቅ አለብሽ። የፌሩ ግቢ ፓጆው ላይ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት። በተሳሳተው በኩል ከወረድሽ በዚያ ሙቀት በእግር ስትኳትኚ ግማሽ ቀንሽ ያልቃል። ባቡር ጣቢያም እንደዚያው ነው። አሮጌው ጣቢያ አለ፣ የምሥራቁ አለ፣ የደቡቡ አለ፣ በ2023 መጨረሻ ደግሞ ባይዩን የሚባል አዲስ ተከፍቷል። አንዷ ደንበኛችን ለሹፌሩ "ባቡር ጣቢያ" የምትለዋን ብቻ በቻይንኛ አጥንታ ገባች። አሮጌው ጣቢያ በር ላይ አወረዳት። ፈጣን ባቡሯ የሚነሳው ከደቡቡ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ሹፌሩ ላይ ትጮህበታለች! እሱ ምን ያድርግ? ያለችውን ነው ያደረገው።

ጉግል ማፕን እርሺው። በቪፒኤን ብትከፍቺውም ነጥቡ ከትክክለኛው ቦታ ፈቀቅ ብሎ ነው የሚያሳይሽ። አድራሻውን በቻይና ጽሑፍ ያዢ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ብታሳዪው ብዙው ሹፌር አያነበውም፣ አንቺ ብታነቢለትም በእኛ ድምፅ አይገባውም።

ዲዲ የሚባለው እዚህ እንደ እኛ ራይድ ነው። አሊፔይ በሚባለው የቻይና የስልክ መክፈያ ውስጥም ታገኚዋለሽ፣ በእንግሊዝኛ ይሠራል። የውጭ ቪዛ ወይም ማስተር ካርድ ካለሽ አሊፔይን ከአዲስ አበባ ሳትነሺ ከፍተሽ ካርዱን አስገቢበት። ጥሬ ገንዘብም ይቀበላሉ፣ ግን መልስ የላቸውም፤ ዝርዝር ያዢ። ሜትሮውማ ጥሩ ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ነገር ግን ሁለት ካርቶን ሳምፕል ይዘሽ አይሞከርም፣ እኩለ ሌሊት ሳይደርስም ይዘጋል።

ዲዲ ላይ ጣጣው መኪናውን ማግኘት ነው። አመሻሽ ላይ ሻውቤ፣ እኛ ሰፈር፣ መንገዱ ዳር ቆመሽ አስቢው። የሚመጣው መኪና ሁሉ ነጭ ነው። ሁሉም ኤሌክትሪክ፣ ሁሉም አረንጓዴ ታርጋ። ሁለቱ አደጋ መብራት አብርተው ቆመዋል፣ ሦስተኛው እየቆመ ነው፣ ከኋላ ክላክስ ይጮኻል። በዚህ መሃል ስልክሽ ይጠራል። ሹፌሩ ነው። የት ነሽ እያለሽ ይሆናል፣ መብራት አብርቻለሁ እያለሽም ይሆናል፣ አንቺ ምኑም አይገባሽም። አትደናገጪ። ስልኩን ዝጊና መልእክት ጻፊለት፣ ዲዲው ራሱ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ አንዳንዴ ያስቃል፣ ግን ያገናኛል። ከዚያ የታርጋውን የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች ብቻ እያየሽ ፈልጊ። ስትገቢ "ሾው ጂ ዌይ ሃው?" ይልሻል። የስልክሽን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ነው የሚፈልገው፤ ጠሪዋ አንቺ መሆንሽን ለማረጋገጥ ነው። እነዚያን አራት ቁጥሮች በቻይንኛ እንደ ዳዊት ሸምድጂያቸው። ሌላው ቢቀር ቢቀር እሱ ይበቃሻል። ደግሞ አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ ቢያሳይሽ "ደውዪልኝ" ማለቱ አይደለም፣ ስድስት ማለቱ ነው። የሚደውል እንዳይመስልሽ!

መንገድ ላይ እጅ አውጥተሽ ባዶ ታክሲ ጥሎሽ የሚሄድበት ጊዜም አለ። ይሄን አልደብቅሽም። ከሰዓት በኋላ ሹፌሮች ፈረቃ የሚቀያየሩበት ሰዓት ላይ መስኮቱን ትንሽ ከፍቶ ወዴት እንደሆንሽ ይጠይቅሻል፣ መንገዱ ካልሆነ እጁን አወዛውዞ ይሄዳል። ቻይናውንም እንደዚያ ያደርገዋል። ግን ሌላ ጊዜም ያልፉሻል። ከለሬ ነው? ወይስ አትግባባም ብሎ ፈርቶ ነው? አንዳንዴ አንዱ፣ አንዳንዴ ሌላው፣ አንዳንዴ ሁለቱም ይመስለኛል። ድሮ ያንገበግበኝ ነበር። አሁን ዲዲ እጠራለሁ። ንዴቱ ጠፋ ማለቴ ግን አይደለም።

ጥሩዎቹ ደግሞ በጣም ጥሩ ናቸው። በቀደም አንዱ ሹፌር መብራት ሲይዘው ስልኩ ላይ በቻይንኛ ያወራና ስልኩ በሴትዮ ድምፅ በእንግሊዝኛ "ሀገርሽ በጣም ይሞቃል?" አለኝ። ወንዝ ዳር እስክንደርስ ድረስ አዲስ አበባ ተራራ ላይ እንደሆነች፣ ክረምት ላይ ጋቢ እንደምንለብስ ለሴትዮዋ ስነግራት፣ እሷ ለሱ ስትነግረው ቆየን። እሱ ግን አላመነም። ጃኬቴን እያየ እየሳቀ የመኪናውን ኤሲ ቀነሰልኝ።

ደረሰኝ ሳትቀበዪ እንዳትወርጂ። ፋፒያው ይሉታል፣ ከቆጣሪው ታትሞ ይወጣል፣ የመኪናው ቁጥር አለበት። አንድ ነጋዴ ስልኩን ታክሲ ውስጥ ረስቶ በዚያች ወረቀት ነው የተገኘለት። ሹፌሩ ስልኩን ሊያመጣ ቆጣሪውን ከፍቶ ነበር የመጣው። ነጋዴው ቅር አለው። እኔ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ፣ ሰውየው ሥራውን ጥሎ ነው የመጣው።

የቤት ዕቃው በፌሩ ሁለተኛ ዙር ነው የሚቀርበው፣ በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 23 እስከ 27። በዚያ ሳምንት ማታ ከፓጆው ታክሲ ማግኘት መከራ ነው። ፌሩ ሳይዘጋ ትንሽ ቀደም ብለሽ ውጪ፣ ወይም በሜትሮ ሁለት ሦስት ፌርማታ ራቅ ብለሽ ከዚያ ጥሪ።

ሆቴል የያዝሽ ዕለት ስሙን ላኪልኝ። አድራሻውን በቻይንኛ ጽፌ እልክልሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ በትልቁ አትሚውና ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። በዊቻት ጻፊልኝ፣ እሱ ያለ ምንም ጣጣ ይገባል። እትዬን ሳሚልኝ።

እህትሽ
ከጓንዡ